የጥንዚዛው ቀለም

ማክሰኞ፣ የካቲት 14
ከናሙና ክፍሉ

ዓይናማዬ፣ እንደምን ከርመሻል?

አድራሻሽን የሰጠችኝ ልጃችን ናት፤ አደራ እንዳትቆጪያት። ስምንት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ። በወሩ መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ።

ክፍላችን እንደነበረ ነው። ሦስተኛው መሳቢያ ዛሬም ካልታገሉት አይከፈትም። ያኔ ምሳችንን እንኳ ከድንጋዮቹ መሀል ነበር የምንበላው፤ ሙዚየሙን ዘግተውብን ሊሄዱ የደረሱበት ቀን ነበር። ያ ጊዜ በጣም ይናፍቀኛል።

ጥንዚዛችንን መቼም አትረሺውም። እርጥቡን ድንጋይ በቢላ ስንሰነጥቀው፣ ስንት ሺህ ዘመን ተቀብሮ የኖረው ክንፍ ለቅጽበት አብረቀረቀና አየር ሲነካው ጠቆረ። አንቺ "ሰማያዊ ነው" አልሽ። እኔ መዝገቡ ላይ "አረንጓዴ" ብዬ ጻፍኩ። ስንት ዓመት ተጨቃጨቅንበት። እንግዳ ፊት ሳይቀር "እሷ እኮ ቀለም አትለይም" እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። የሄድሽ ዕለት "አንድ ቀን እንኳ ተሳስቻለሁ ብትል ምን ነበረበት?" አልሽኝ። እኔ ድርቅ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት አዲሷ ተመራማሪ የክንፉን ስባሪ በትልቁ ማይክሮስኮፕ አይታ መጣች።

"ጋሼ፣ የቅርፊቱ ንብርብር ውፍረት ቀለሙ ሰማያዊ እንደነበር ያሳያል። መዝገቡ ለምን አረንጓዴ ይላል? ሲከፈት በዓይኑ ያየ ሰው አለ?"

መዝገቡን ለማረም የዓይን ምስክር ፊርማ ያስፈልጋል፤ እሷ የምትጠብቀው የእኔን ነው። ብዕር ሁሉ አቀበለችኝ። አልፈረምኩም። ቅጹ ላይ ያንቺን ስም ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። በፖስታ ብትመልሺውም ይደርሳል። ይዘሽው ብትመጪ ግን እኔ ራሴ በሩን እከፍትልሻለሁ። ሳልወጣ ድረሺልኝ።

ተሳስቻለሁ ብል እንኳ እውነቱ አያልቅም። ቀለሙን ጨርሶ አላየሁትም። ድንጋዩ ሲከፈት እያየሁ የነበረው አንቺን ነው፤ በደስታ አፍሽን ከፍተሽ ቀርተሽ ነበር። ዞር ስል ጠቁሯል። አላየሁም ለማለት አፍሬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አረንጓዴ አልኩ።

ይቅር በይኝ። እነዚያን ዓይኖችሽን አምላክ ይጠብቅልኝ።

ምንም ያላየው ባለቤትሽ