ውሃ የማያልፍበት የአህጉር መንገድ

ለተከበሩ ጓድ፣ በሮቢት በኩል ለሚያልፈው የአህጉር አቋራጭ አውራ ጎዳና ሥራ የበላይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲሱ መንገድዎ የተስተካከለ፣ እንቅልፍዎም ያልተቆራረጠ ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ለየማሳው እንዳካፍል ገበሬው የመረጠኝ የውሃ አባት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ የጻፍኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ስላስቆጠራችሁኝ ነውና፣ ካልወደዱት ጥፋቱን እንካፈላለን። ሌላውን ቅጂ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በገበሬ ማህበራችን አዳራሽ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መንገዱ አመሰግናለሁ። በስብሰባው ላይ እንደነገሩን ከግብጽ ተነስቶ፣ በሱዳንና በእኛ አድርጎ፣ በኬንያ በኩል እስከ አህጉሩ ደቡብ ጫፍ ሕዝብን ከሕዝብ ያገናኛል። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት። ካይሮን ከናይሮቢ ማገናኘት ቀላል ሥራ ባለመሆኑ፣ የእኔን ማሳ ከጎረቤቴ ከዚነት ማሳ መለየቱን እንደ ትንሽ ነገር ልቆጥረው ሞክሬ ነበር።

ሁለተኛ፣ መሐንዲሶችዎ ለጠየቁኝ ጥያቄ አመሰግናለሁ። የእኔ ማሳ ከመንገዱ በላይ፣ የዚነት ከመንገዱ በታች ነው። ጎርፉን አንድ ዓመት ለላዮቹ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለታችኞቹ እንመራዋለን፤ ተራው ያልሆነ ካምና ያስገባውን እየበላ ይከርማል። መሐንዲሶቹ የመጡት በእኛ በላዮቹ ተራ ነበር። ውሃ እዚህ ላይ ያቋርጣል ወይ አሉኝ፤ አያቋርጥም አልኳቸው። በዚያ ዓመት እውነት ነበር። ለከርሞ ግን ያቋርጣል ብዬ አልጨመርኩም፣ እነሱም አልጠየቁኝም። ረሳሁት እንዳልል የውሃ አባት ተራ አይረሳም። ልቤ እያወቀ ዝም ያለ ይመስለኛል፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

እነሆ መንገዱ የሰው ቁመት በሚያህል የአፈር ቁልል ላይ፣ አንድም የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ሳይቀበርበት ተሠራ። አምና የታችኞቹ ተራ ነበር። ጎርፉ መጥቶ ከቁልሉ ጋር ተጋጨና ወደ እኔ ማሳ ተመልሶ ተኛ። የእኔ ማሽላ ግመል ይሰውር ነበር። የዚነት መሬት ተሰነጣጥቆ ቀረ።

ሦስተኛ፣ ቱቦ ይቀበርልን ብዬ ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ፣ እንዲህ ያለውን መንገድ መቁረጥ የኢኮኖሚ አሻጥር መሆኑን በትዕግሥት ስላስረዱኝ ውለታዎ አለብኝ። ከዚያ ወዲህ ራሴን ስመረምር በእርግጥም አሻጥረኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የበደልኩት ግን ባሏ የሞተባትን አንዲት ሴት ነው።

ከምርቴ ግማሹን በአህያ ጭኜ ለዚነት ወስጄላት ነበር። «አያ አያሌው፣ ወላሂ እኔ ተራዬን እንጂ እህልህን መቼ ጠየቅሁህ?» ብላ አህያውን ከነጭነቱ መለሰችው።

ስለዚህ የምለምንዎ፣ የዘንድሮውን የእኔን ተራ ለዚነት እንድለቅላት፣ ሐምሌ ሳይገባ አንድ ቱቦ እንዲቀበርልን ነው። መቆፈሩ የሚያደክም ከሆነ እኔ እቆፍራለሁ፤ ፈቃዱን ብቻ ይስጡኝ።

አገርን ከአገር በማገናኘት ላይ ሳሉ በጎረቤት ነገር ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከመንገድዎ ከፍታ በማያንስ አክብሮት እሰናበታለሁ፤

አያሌው ተሾመ
ተራ ያፋለሰው የውሃ አባት
ሮቢት፣ ግንቦት 1975 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ሳልልከው ዚነት በሬዋን ሸጣ፣ ልጆቿን አስከትላ በመንገድዎ ወደ ደቡብ ሄደች። ጓዟን ተሸክሜ ልሸኛት ብል አልፈቀደችልኝም። ለበላይ አካል በሚልኩት ሪፖርት ላይ የአህጉሩ መንገድ መንገደኛ ማመላለስ መጀመሩን ቢገልጹ ደስ ይለናል። ከቀዬዋ ያስወጣት ማን ነው ተብለው የተጠየቁ እንደሆነ ግን የእርስዎንና የእኔን ስም አብረው ይጻፉት፤ የእኔን ያስቀድሙ።