በየማለዳው የሚታደሰው የኑኑ ስልክ

ለተከበሩ ኢንጂነር መስፍን
የ«ጎረቤት» መተግበሪያ የበጎ ፈቃድ ቡድን መሪ
ዱባይ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሹግሉስ፣ ሥራው ማለቴ ነው፣ እንዴት ይዞዎታል? እኔ የመተግበሪያችን የአማርኛ ጽሑፍ አዘጋጅ ነፃነት፣ እዚሁ አል ሙራቃባት ከቢድ ስፔሴ፣ በጋራ ክፍል ከተከራየሁት ተደራራቢ አልጋ የላይኛው ላይ ሆኜ ስጽፍልዎ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የፕሮጀክታችን መግለጫ ፋይል ግን ከእኔም ይልቅ ደህና ነው፤ በየማለዳው «ዛሬ ታድሷል» እያለ ስለ ራሱ ይመሰክራል።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ «ጎረቤት» ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን አዲስ ለሚገቡ ወገኖቻችን ማደሪያና እርዳታ የሚያፈላልግ፣ በትርፍ ሰዓታችን የምንሠራው ሶፍትዌር ነው። በመግለጫው ውስጥ «ከቸገረዎ ይደውሉ» የሚል ክፍል አለ። እርስዎ የጫኑት አውቶማቲክ ፕሮግራም ንጋት ላይ አባላት ስለ ራሳቸው የሞሉትን እየቀዳ ይህን ክፍል እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ ሰው በእጁ ያረመውንም ጠራርጎ ያጠፋል። አቤቱታዬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ በክፍሉ አናት ላይ የሚገኘው ስልክ የአባላችን የቃሲም ነበር። ቃሲም ጠቅልሎ ኮምቦልቻ ገባ፤ እንደ ወጋችን ሀገር የሚገባ ሰው አልጋውንና ሲሙን ለሚቀረው ያወርሳልና፣ ቁጥሩን ለጓደኛዬ ለኑኑ ትቶላት ሄደ። ኑኑ አጅማን ሰው ቤት ልጅ ታሳድጋለች። ከሶናፑር የሠራተኞች ሰፈር አንዱ እየደወለ፣ በመተግበሪያው የወጣው አልጋ የላይኛው ነው ወይስ የታችኛው እያለ ይጨቀጭቃታል፤ ፓስፖርት የተያዘባት ሌላዋ ታለቅስባታለች። እሷም ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተሸሽጋ ዋላሂ አላውቅም እያለች ትምላለች። ማዳም ራሷ የምትጠራት በዚያው ቁጥር ስለሆነ ስልኩን መዝጋት አትችልም። ከእንግዲህ እንግዳ ሰው ሲደውል ብሰማ ወደ ኤጀንሲ እመልስሻለሁ ተብላለች።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን በእጄ አጠፋሁት፤ ንጋት ላይ ተመለሰ። ደግሜ አጠፋሁት፤ ከነሙሉ ጤንነቱ ተመለሰ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ሆነብኝ። የቃሲምን መረጃ መለወጥ የሚችሉት ደግሞ ራሱ ቃሲምና እርስዎ ብቻ ናችሁ።

ሦስተኛ፣ ዲራ በተሰበሰብንበት ዕለት ይህንኑ በትሕትና ባመለክት፣ «አውቶማቲክ የጻፈውን እጅ አይነካውም፤ ራሱ ያስተካክለዋል» ብለው ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ይኸው ፕሮግራም ከስምዎ ፊት «ኢንጂነር» የሚለውን ማዕረግ የዘነጋ ዕለት ግን ምሳ ሳይደርስ በእጅዎ ማረምዎን አስታውሳለሁ። እንዲህ ያለ ፍጥነት እንዳለዎ ባላይ ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደድኩ። የኑኑ ቪዛ ከማዳም ጋር ነው፤ ከዚያ ቤት ወጣች ማለት ከሀገሩ ወጣች ማለት ነው። ፓስፖርቷ የተያዘባት ልጅም የምትሰማው የኑኑን መሐላ ብቻ ነው።

ስልክዎ ከባትሪ፣ ጆሮዎ ከትዕግሥት አይለይ እያልኩ፣ ለማዕረግዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣ በየማለዳው የምትደመሰሰው
ነፃነት

ማሳሰቢያ፦ ቃሲምን በስንት ፍለጋ ትናንት ኮምቦልቻ በስልክ አገኘሁት። የኑኑን ነገር ሲሰማ እጅግ አዝኖ፣ በራሱ መረጃ ውስጥ የድሮ ቁጥሩን አንስቶ የእርስዎን አስገባ። ፕሮግራምዎም እንደ ልማዱ ታዛዥ ሆኖ ዛሬ ንጋት ላይ አድሶታል። የሶናፑሩ ወንድማችን ሲደውል የታችኛው ነው ይበሉልኝ፤ ልጅቷን ግን አደራ፣ እስከ መጨረሻው ያዳምጧት። ቁጥርዎን ለማንሳትም እጅዎን አያድክሙ፤ አውቶማቲክ ነው፣ ራሱ ያስተካክለዋል።