ሽቦ የመረጠልኝ ሞኒተር

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ይይዝዎታል ወይስ መድኃኒቱ አሻለዎት? ዓይንዎስ? መነጽሩን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው ቤቱን ሁሉ ማስፈለግ ተዉ ወይስ እማዬ አሁንም ትቆጣለች? እሷስ ደኅና ናት፣ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራም አለኝ። ባለፈው በስልክ “ድምፅህ ደስ አላለኝም” ሲሉኝ ጉንፋን ነው ብዬ ሸፋፈንኩት። ጉንፋን አልነበረም። በስልክ ብነግርዎ ድምፄ ይሰበርና እማዬን አስደነግጣለሁ ብዬ ነው እንዲህ ቁጭ ብዬ መጻፍ የመረጥኩት።

ነገሩ የሽቦ ነገር ነው። እርስዎ በስልክ ብቻ ስለሚያውቁት ከሥሩ ልንገርዎ። ሽቦ ያልነው ሰውነቱ ቀጫጫ ስለሆነና ሥራው ሞባይል ጥገና በመሆኑ ከኪሱ ሽቦና ብሎን ስለማይጠፋ ነው። እዚህ አገር ስገባ አንድም የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ክፍሉን አካፍሎ ያስጠጋኝ፣ አሁን የምሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ያስገባኝ፣ ትኩሳት ይዞኝ ስንቀጠቀጥ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰኝ እሱ ነው። እርስዎም ይህን ሰምተው “ሁለተኛው ልጄ” ማለት ጀመሩ። ስለዚህ የማማርርበት አንድ የመንገድ ሰው አይደለም።

ጌም ሲባል ግንባርዎ እንደሚቋጠር አውቃለሁ፤ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ። ሽቦና እኔ ከሥራ ስንወጣ ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት ጎራ እያልን የመኪና ውድድር እንጫወታለን። መጀመሪያ ድካም መርሻ ነበር፤ በኋላ ሰው ከኋላችን ቆሞ እስኪያየን ድረስ ጎበዝን። የጌም ቤቱ ባለቤት ድሮ መኪና መንዳት ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ሌላ ቅርንጫፍ ሊከፍት ሲነሳ ቤቱን የሚያስተዳድርለትና ጀማሪዎችን የሚያለማምድለት አንድ ሰው ፈለገ፤ ዓይኑም እኛ ላይ አረፈ። “ሁለታችሁንም መቅጠር አልችልም፤ ተወዳደሩና ያሸነፈው ይግባ” አለን። ኮምፒውተሩን እሱ ያቀርባል፣ ሞኒተሩን ግን እያንዳንዳችን ይዘን እንድንመጣ ነገረን። በእሱ ስክሪን ተሸነፍኩ የሚል ሰበብ መስማት ሰልችቶት ነው።

የእኔን ሥራ ያውቁታል አባባ። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆሜ አንሶላ እተኩሳለሁ። ክንዴ ላይ ያልተለበለበ ቦታ የለም፣ ማታ ማታ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል። ያ ቅጥር ለእኔ ጨዋታ አልነበረም፤ ከዚያ እንፋሎት መውጫ በር ነበር። ሽቦ ይህን ያውቃል። “አንዳችን ከገባን ሁለታችንም ገባን ማለት ነው” አለኝ። እኔም ከልቡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሞኒተር መግዛት ግን ቀላል አልሆነም። የነበረችኝ ገንዘብ ለአዲስ አትበቃም፤ ያገለገለ ለመግዛትም ብትሆን ለስህተት ቦታ የላትም፤ አንዴ ካወጣኋት አለቀ። ሽቦ ስለ ስክሪን ከእኔ ይበልጥ ስለሚያውቅ “አብረን እንሂድና አንተ ምረጥልኝ” አልኩት። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የምትሸጥ አንዲት ሴት ጋ ሄድን። ከአቅሜ ጋር የሚሄዱ ሁለት ብቻ ነበሯት። አንደኛዋ ትንሽ ናት፣ ጥግዋ ላይ በጥፍር የተቧጨረች የምትመስል ጭረት አለባት። ሁለተኛው ትልቅ፣ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ፣ ሲያዩት ዓይን የሚሞላ ነው።

ልዩነታቸውን እርስዎ ከማንም በላይ ይረዱታል። ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያጫውቱ ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋው የማሽኑ ክዳን ከፊልሙ ጋር አልገጥም ሲል ነጫጭ ፊደሎቹ ጭራ ያወጣሉ ይሉን አልነበር? የጌም ስክሪንም እንደዚያ ነው። በየሴኮንዱ ስንት ሥዕል እንደሚቀያይር በሄርዝ ይቆጥሩታል። ትንሿ መቶ አርባ አራት ትቀያይራለች፤ ትልቁ ሰባ አምስት ብቻ። በዚያ ላይ ትልቁ ጨለማ ያለበት ሥዕል ሲመጣበት ይዘገያል፣ ጭራ ይጎትታል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት አሁን ነው። ያን ዕለት የማውቀው ሄርዙ በዛ ያለው እንደሚሻል ብቻ ነበር፤ ስለዚህ እጄ ወደ ትንሿ ሄደ።

ገንዘብ ከማሽን ላወጣ ወደ ውጭ ወጣሁ። ስመለስ ሽቦ ፊቱ ተለዋውጦ ጠበቀኝ። ወደ ጥግ ሳብ አድርጎኝ “ትንሿን ተዋት፣ ተከፍታ የተጠገነች ናት፣ ሥዕል የሚያወጣው ፓነሏ ተቃጥሎ ነበር፣ ሴትየዋ ራሷ ነገረችኝ” አለኝ በሹክሹክታ። “ትልቁ ኩርባ ላይ ሰፋ አድርጎ ያሳይሃል፣ ለመኪና ውድድር የተሠራ ነው” ብሎም ጨመረልኝ። ሴትየዋን ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ግን ጓደኛዬን ማሳፈር መሰለኝ። ከፈልኩ። እንዲያውም ከባድ ነው ብሎ እስከ ቤት ድረስ የተሸከመልኝ እሱ ነው።

ውድድሩ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሽቦ የራሱን ሞኒተር ከጥገና ሱቁ አመጣለሁ ብሎ ስለነበር ቀድሜው ደርሼ ተቀመጥኩ። በአንሶላ ጠቅልሎ መጣ። አንሶላውን ሲገልጠው ጥግዋ ላይ ያለችው ጭረት ታየችኝ። “ይቺ ያቺ የተቃጠለችው አይደለችም?” አልኩት። “ጠገንኳት” አለኝ፣ ገመዱን እየሰካ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ብዙ ሰው ተሰብስቦ ስለነበር ተጫወትኩ። የመጀመሪያው ዙር በጠራራ ፀሐይ የሚሄድ መንገድ ነው፤ አሸነፍኩ። ሁለተኛው ከተማ ውስጥ በመሸ ጊዜ ነው፤ የፊቴ መኪና መብራቱን እየጎተተ አንዱ ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር፤ ተሸነፍኩ። የመጨረሻው ዋሻ አለበት። ዋሻው ውስጥ ስገባ መታጠፊያው የሚታየኝ እኔ ካለፍኩት በኋላ ነበር። ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ። ሰው አጨበጨበ። ሽቦ ተነስቶ አቀፈኝና “አይዞህ ወንድሜ” አለኝ። ከሁሉም የማልረሳው ያችን እቅፍ ነው።

በማግስቱ ወደ ሴትየዋ ሄድኩ። ጠብ ፍለጋ አልነበረም፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል የሚል ነገር ውስጤ ስለቀረ ነው። ሞኒተሯ ተከፍታ ተጠግና እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔ ገንዘብ ላወጣ በወጣሁበት ሰዓት ሁለቱንም አብርታ ልታሳየው ብትል “አትድከሚ፣ ትልቁን ወዶታል” ብሏታል። ሞኒተሩን ቤት አድርሰን ዕረፍት ባደረግሁበት በዚያው ከሰዓት ተመልሶ ትንሿን ገዛት። ሴትየዋ የመጨረሻዋን ነገር ስትነግረኝ ፈገግ ብላ ነበር፤ “ላንተ ስጦታ የሚገዛልህ መስሎኝ ቀናሁብህ” አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሽቦ እንቁላል እየጠበሰ ነው። እንደ ወትሮው ሁለት ሳህን አውጥቷል። የሰማሁትን ነገርኩት። አልካደም። ዓይኑ መበየጃው ጭስ ላይ እያለቀ መሆኑን፣ ጥቃቅኑን ብሎን ማየት እያቃተው መምጣቱን፣ እኔ ወጣት ስለሆንኩ ሌላ ዕድል እንደማላጣ ዘረዘረልኝ። “ይህን ብትነግረኝ እኮ እለቅልህ ነበር” አልኩት። እውነቴን ነው አባባ፣ እለቅለት ነበር። “ተለቆልኝ ማግኘት አልፈልግም” አለኝ። “አታልለህ ማግኘቱንስ ፈለግኸው?” አልኩት። እንቁላሉን ገለበጠው። ሳህኔን ወደ መደርደሪያው መልሼ ልብሴን መሰብሰብ ጀመርኩ።

አሁን የማጠቢያ ቤቱ ሾፌር ጋ ተጠግቻለሁ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሲተኛ ከማንኮራፋቱ በቀር እንከን የለበትም። ሞኒተሩን አንድ ጸጉር አስተካካይ በርካሽ ወሰደው፤ ለደንበኞቹ የጸጉር ቁርጥ ያሳይበታል፤ ጸጉር ዝም ብሎ ስለሚቆም ያምርበታል። ሽቦ ሥራውን ጀምሯል። ለጌም ቤቱ ባለቤት ምንም አልነገርኩትም። ብነግረው ራሱ የጠላውን ሰበብ ይዤለት የመጣሁ እመስላለሁ። እኔ ያው አንሶላዬን እተኩሳለሁ።

የሚያንገበግበኝ ግን ሥራው አይደለም። እኩል ስክሪን ይዘን ብንወዳደር ሊያሸንፈኝ ይችል ነበር፤ ስንጫወት ብዙ ጊዜ አሸንፎኛል። ያን ማወቅ አልቻልኩም፣ እሱም መቼም አያውቀውም። ደግሞ ያ ሾርባ አለ። እንዲያው ከመጀመሪያውም ክፉ ቢሆንብኝ ጠልቼው አርፍ ነበር። ሾርባውም እውነት ነው፣ ሹክሹክታውም እውነት ነው፤ ሁለቱን አንድ ሰው ላይ ማስቀመጥ አቃተኝ።

ሰው ማስታረቅ እንደሚወዱ አውቃለሁ አባባ። ሽቦ ቢደውልልዎ አይርገሙት፣ ጉልበትዎን ሲጠይቅዎትም ይመልሱለት፤ ለእርስዎ ያለው አክብሮት ውሸት አይመስለኝም። እኔን ግን ለጊዜው ታረቅ አይበሉኝ። እምቢ እንዳልልዎት እፈራለሁ።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ጠቅለል አድርገው እንጂ ሁሉንም አያንብቡላት። እህቴን ለፈተናዋ በርቺ ይበሏት። ትንሹ ወንድሜ ጌም ላይ ሲያፈጥ አይምቱት፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብለህ ተቀመጥ ይበሉት። አክስቴን በጣም ሰላም ይበሉልኝ፤ ልጇን ለሽቦ ለመዳር ያሰበችውን ነገር ግን እንድትተወው በዘዴ ይንገሯት። በፊት በፊት ደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ የሽቦን ሰላምታ አክልላችሁ ነበር። አሁን ከዚህ ሰላም የምላችሁ እኔ ብቻ ነኝ።

የሚናፍቅዎ ልጅዎ

ከሾፌሩ ቤት፣ መስኮት ሥር
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን