ርቀታቸውን ስለጠበቁት ጀሪካኖቻችን

የካቲት 2013 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ፣ ወይራ ሜዳ ሰፈር

ለክቡር አቶ አምደሚካኤል
የቀበሌያችን ሊቀ መንበርና የኮሮና መከላከል ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሞዴል ሰፈር ስላደረጉን ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ጎረቤትዎ፣ የቢሮዎ ወንበር ሳይቀር እንደምን ከርመዋል? እኛ የወይራ ሜዳ ነዋሪዎች ፈጣሪ ይመስገን ይችን ደብዳቤ እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ አለን። ጀሪካኖቻችንም ደኅና ናቸው፤ ከመካከላቸው አንድም የሳለ የለም።

ደብዳቤዬ ግልጽ ስለሆነና ሌላም ሰው ስለሚያነበው ራሴን ላስተዋውቅ። የብርጓል ዘመነ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። እርስዎ እንኳ ያውቁኛል፤ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩዎት እኔ ነኝና። ያኔ «አንተ» እልዎት ነበር፤ ዛሬ ግን ለሥልጣንዎ ከሚገባው ክብር የተነሣ «እርስዎ» እያልኩ እጽፋለሁ። የሠላሳ ዓመት የአስተማሪ ልማድ ነውና አንድ ቦታ ላይ ካመለጠኝ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እንደሚያውቁት ሁለተኛው ዙር ማዕበል እየመጣ ነው ይባላል። ሆስፒታል በሽተኛ ጠይቀው የሚመለሱ ሰዎች ትንፋሽ ያጠረው ሰው እንደገና መብዛቱን እየነገሩን ነው። ሰፈሩ ፈርቷል፤ እኔም ፈርቻለሁ። ታዲያ ፍርሃቱ አፌን ሳይዘጋው በፊት፣ በመጀመሪያው ዙር ለዋሉልን ውለታ ሳላመሰግንዎ እንዳልቀር ብዬ ብዕር አነሣሁ።

አንደኛ፣ አገሩ ሁሉ ግራ ተጋብቶ እጁን በአልኮል ሲያሽ፣ እርስዎ ሳይደናገጡ ሰፈራችን ካሉት ሁለት የውሃ ቦኖዎች የታችኛውን በሰንሰለት አስረው፣ የጎተራ በር የሚያህል ጓጉንቸር አስገጥመው፣ ቁልፉን ወደ ኪስዎ ስለከተቱ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ምክንያቱንም በስብሰባ ላይ በትዕግሥት አስረድተውናል፦ ሕዝቡ ውሃ ሊቀዳ ሁለት ቦታ ይሰበሰባል፤ አንዱ ቦኖ ቢዘጋ የሚሰበሰበው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ መሰባሰብ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። በሪፖርትም እንዲሁ ተጻፈ፤ ተጨበጨበም። እኔ ግን በጭብጨባው መሐል ሐሳቤ ወደዚያ አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ ነጎደ። አንድ ሰፈር ለሁለት ቦኖ ሲካፈል ግማሽ ግማሹ እንደሚደርሳቸው፣ ለአንድ ሲካፈል ግን ሰፈሩ እንዳለ እዚያው አንዱ ላይ እንደሚከመር አስተምሬዎት ነበር። ራስዎን ሲነቀንቁ የገባዎት መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ በላይኛው ቦኖ አጠገብ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ድረስ፣ በኖራ ስላስመሩልን ክቦች እናመሰግናለን። ክቦቹ እጅግ ያምራሉ፤ በየሁለት ሜትሩ አንድ አንድ፣ አንዱም አልተጣመመ። ይሁንና በክቦቹ ውስጥ ማን እንደሚቆም ለማያውቅ አንባቢ መናገር አለብኝ። በእኛ ሰፈር ወረፋ የሚይዘው ሰው አይደለም፤ ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ ካለ ባለቤቱ አለ። ለቅሶ ይድረስ፣ ገበያ ይውረድ፣ ተራውን ማንም አይነካበትም፤ የጎረቤቱን ጀሪካን ወደ ኋላ የገፋ ሰው ከዕድር የተባረረ ያህል ይታፈራል። ስለዚህ ክቦቹ ተሠርተው «በየክቡ አንድ አንድ» የሚል ትእዛዝ ሲወርድ፣ እኛም ትእዛዝ አክባሪዎች ነንና በየክቡ አንድ አንድ ጀሪካን አስቀምጠን፣ እንደ ወትሯችን ከቦኖው ጎን ካለው የግንብ አጥር ጥላ ሥር ሄደን ተቀመጥን።

ያ ጥላ ጠዋት ሰፊ ነው። ፀሐይ ወደ አናት ስትወጣ ግን እየጠበበ ይሄዳል፤ እኛም ከጥላው ጋር እየተጠጋጋን እንሄዳለን። እኩለ ቀን ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን፣ የአንዱ ሳል በሌላው ነጠላ ላይ እያረፈ፣ ከፊታችን የቆሙትን ጀሪካኖች እንመለከታለን። ሳይሳሳሙ፣ ሳይጨባበጡ፣ ሐሜት ሳይለዋወጡ፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው ፀሐዩን ይችሉታል። እጀታው የተበጠሰው በገመድ ታስሯል፤ ክዳኑ የጠፋው በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። ማስኩን አውልቆ ከጀሪካኑ እጀታ ላይ የሚያንጠለጥልም ስላለ፣ ከሰፈሩ ሁሉ መመሪያውን ሙሉ በሙሉ ያከበሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው ብል እግዜር ይታዘበኛል። እኛም ስንገናኝ እንደ ታዘዝነው ክርን ለክርን ካጋጨን በኋላ፣ «ይኼ ለመንግሥት ነው» ብለን፣ ደግሞ ለራሳችን ሦስት ጊዜ እንሳሳማለን።

ሦስተኛ፣ የግብረ ኃይሉ ጸሐፊ አቶ አንተነህ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ሁላችንም ጀሪካኖቻችንን አሰልፈን ቅዳሴ በገባንበት ሰዓት መጥተው ፎቶ ስላነሱልን እናመሰግናለን። ፎቶው ዛሬም ቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ ከሥሩ «ርቀቱን የጠበቀ ኅብረተሰብ» የሚል ጽሑፍ አለው። ኅብረተሰቡ ፎቶው ውስጥ የለም። ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር የወይዘሮ ፍቅርአዲስ ውሻ ነው፤ እሱም በሁለት ክቦች መካከል ተጋድሞ ርቀት አፍርሷል።

በዚህ ፎቶ ምክንያት ሞዴል ሰፈር ተባልን፤ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀትም ተሰጠዎት። ቀጥሎ ከአጎራባቾቹ ከአማኑኤልና ከሮብ ገበያ ከተሞች ተሞክሮ የሚቀስሙ እንግዶች መጡልን። በዚያን ዕለት እርስዎ የሚታየው ነገር እንዳይበላሽ ብለው እኛን ከግንቡ ጀርባ እንድንሆን አዘዙ። ግንቡ አጭር ነው፤ እኛ ብዙ ነን። አራሷ ልጇን ታቅፋ፣ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ፣ አንዳችን በሌላችን ላይ ተደርበን ትንፋሻችንን ውጠን ቆየን። ሸምገል ያሉ አንድ እንግዳ ጀሪካኖቹን ተራ በተራ ካዩ በኋላ፣ «መልካም፤ ባለቤቶቹሳ?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። እርስዎ ምን ብለው እንደመለሱላቸው ግን አጠገቤ ያለው ሰው ስላስነጠሰ አልሰማሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሕዝቡን የደበቀ ግን የምስክር ወረቀት እንዳለው ያወቅነው በእርስዎ ዘመን ነው።

አራተኛ፣ ሰሞኑን ባጃጅ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ በየጠዋቱ «እጃችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡ» እየተባልን መቀስቀሳችን ደስ አሰኝቶናል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ሳሙናውም አለን። የጎደለችው አንዲት ነገር ናት፤ እሷንም በሰንሰለት ያሰሯት እርስዎ ነዎት። ቀበሌው በር ላይ ቆሞ የነበረው የእጅ መታጠቢያ በርሜል፣ የምረቃው ፎቶ በተነሣ በሳምንቱ የዘበኛው የከሰል ማስቀመጫ ሆኗል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እንሰማ ነበር፤ አሁን ደግሞ እጁ ከሰል ነካው።

አምስተኛውን እንደ ሌሎቹ በምስጋና መልክ ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እንዳለ እነግርዎታለሁ።

እማሆይ ማርያማዊትን ያውቋቸዋል። ቤታቸው ከታችኛው ቦኖ ፊት ለፊት ነው፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቧንቧውን በመቋሚያቸው ሊነኩት ይችላሉ። እርስዎም ተማሪ ሳሉ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከእርሳቸው ደጅ ቆመው ውሃ ጠጥተዋል። ባለፈው ዓመት ታችኛው ቦኖ ሲዘጋባቸው እንደማንኛችንም ዳገቱን እየወጡ ከዚያ ጥላ ሥር ይቀመጡ ጀመር፤ ብዙም ሳይቆዩ ታመሙ። ሆስፒታል ገብተው፣ በኦክስጅን ሲረዱ ከርመው፣ ለጥቂት ተረፉ። ሐኪሙ ሲሸኛቸው ሰው ከተሰበሰበበት ቦታ እንዳይደርሱ አጥብቆ ነገራቸው። ዛሬ ግን ውሃ ያለው ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ብቻ ነው።

«እኛ እንቀዳልዎታለን፤ እርስዎ ከቤትዎ አይውጡ» ብለን ለምነናቸዋል። እሺ ይላሉ። ሰው ማስቸገር ነውር ስለሚመስላቸው ግን ዞር ስንል በመቋሚያቸው እየተደገፉ ዳገቱን ወጥተው እናገኛቸዋለን። ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን ተቀምጠው፣ ትንፋሻቸውን ቀስ ብለው እየሰበሰቡ፣ «ኧረ ልጆቼ፣ ያ ቧንቧ ምን በድሎ ነው የታሰረው? ዋስ የሚሆነው ዘመድ አጥቶ ነው?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ እርሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸውና ደረታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ማዕበሉ ከመጣ ከዚያ ጥላ ሥር አስቀድሞ የሚወስደው ማንን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እርስዎም ያውቃሉ።

ስለ ቁልፉ ቢሮዎ ተመላልሼ ጠይቄያለሁ። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሌላ ጊዜ መስክ ወጥተው ነበር፤ በመጨረሻ ሳገኝዎ ደግሞ ቦኖው የተዘጋው በአቅጣጫ ስለሆነ የሚከፈተውም ከበላይ አቅጣጫ ሲወርድ መሆኑን ገለጹልኝ። ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ገበያው ተከፈተ። ሠርጉም ተዝካሩም እንደ ድሮው ሆነ፤ ጠጅ ቤቱማ መቼ ተዘግቶ ያውቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኛ ጓጉንቸር ግን በሩጫ ተቆልፎ፣ ቆመንም፣ ተቀምጠንም፣ ለምነንም አልተፈታም።

እንግዲህ ልመናችን አንድ ናት፦ ማዕበሉ ሳይደርስ የታችኛው ቦኖ ይከፈትልን። ግማሻችን ወደ ታች እንወርዳለን፤ ጥላውም ለቀሪዎቻችን ይሰፋል፤ እማሆይም ደጃፋቸው ላይ፣ ማንም ሳይተነፍስባቸው፣ ይቀዳሉ። ይህን ስንጽፍ አንድ ስጋት እንዳለን አንሸሽግዎትም። በእርስዎ ስሌት አንድ ቦኖ መዝጋት መሰባሰብን በግማሽ ከቀነሰ፣ የላይኛውንም መዝጋት ጨርሶ ያጠፋዋል ማለት ነውና፣ «ሁለተኛ ዙር ስለሆነ ሁለተኛው ቦኖ» ብለው እንዳያስቡ በእመ ብርሃን እንለምንዎታለን።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ሁለተኛውን ማዕበል በአካላዊ ርቀት ስለመመከት» አጠቃላይ ስብሰባ መጥራትዎን ከማስታወቂያ ሰሌዳው አንብበናል፤ መቅረት ክልክል መሆኑም በቀይ ተሰምሮበታል። አዳራሹን እናውቀዋለን። መስኮቶቹ በምስማር የተመቱ ናቸው፤ ለአምስት ሰው በተሠራው አግዳሚ ላይ ስምንት ሆነን እንቀመጣለን። ጉዳዩን ከጥላው ሥር በሰፊው መክረንበት አንድ ውሳኔ ላይ ስለደረስን፣ ውሳኔውን ከፊርማዬ በታች አስፍሬልዎታለሁ።

ጤናዎን፣ ወንበርዎንና በኪስዎ ያለችውን ቁልፍ እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ እየጸለይኩ፣ ከኖራው ክብ ዳር ቆሜ፣ ሁለት ሜትር ርቄ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎና የቀድሞ የሒሳብ መምህርትዎ
የብርጓል ዘመነ

ግልባጭ፦
ለታችኛው ቦኖ፣ በታሰረበት
ለወይዘሮ ፍቅርአዲስ ውሻ፣ ርቀቱን እንዲያስተካክል

ማሳሰቢያ፦ በእሑዱ ስብሰባ ወይራ ሜዳን ወክለው የሚገኙት ጀሪካኖቻችን ናቸው። ሞዴል የተባሉት እነሱ እንጂ እኛ ስላልሆንን ቦታቸውን ልንሻማቸው አልወደድንም። በማለዳ አምጥተን ሁለት ሁለት ሜትር አራርቀን በአዳራሹ ውስጥ እንደረድራቸዋለን። አይስሉም፣ አያስነጥሱም፣ ጥያቄ አያነሡም፤ አጀንዳውንም ያለ አንድ ተቃውሞ ያጸድቁልዎታል። እጀታው በገመድ የታሰረው የእማሆይ ማርያማዊት ነው፤ ጆሯቸው ስለሚከብድ ከፊት ያስቀምጡላቸው። ስብሰባው ሲያበቃ ባዷቸውን እንዳይመልሱብን አደራ፤ ከአዳራሹ በር ሲወጡ የሚቀርበው የታችኛው ቦኖ ነው።

አምዴ፣ ልጄ፣ ቁልፉን ይዘህ ና።