እናቲቱ በጉንጯ ያሸሸቻቸው

ይድረስ ለምሳሳልሽ ለታላቅ እህቴ፣

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? እማማስ ጉልበቷ ተሻላት? ጋሼስ ያን የልብስ ስፌት መኪናውን እየተሳደበ ደህና ነው? ልጄ ሚጢጢስ? እኔ በጤና በኩል ፈጣሪ ይመስገን። «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንዳላልፈው ግን ዘንድሮ ሌላም አለብኝ፤ ቅናት። ልደብቅሽ አልችልም።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ጡት ባስጣልኳት በወሩ ትቼልሽ የመጣኋት ልጄ አንቺን እማዬ፣ እኔን አክስቴ ማለት ጀመረች፤ አያስቅም ወይ ብለሽ ጻፍሽልኝ። አያስቅም እታለም! ወረቀቱን ትራሴ ሥር ወትፌ በሆዴ ስሰድብሽ ሰነበትኩ። አፉ በይኝ።

ይኸውልሽ፣ እዚህ ሰው አገር ተቀጥሬ የምንከባከባት ልጅ ሃምስተር አለቻት። ከጡጫ የማትበልጥ፣ ጅራቷ የተቆረጠ የምትመስል አይጥ በያት። እኛ አይጥን በወጥመድ፣ እነሱ በማንኪያ! ያውም እርጉዝ ነበረች። የእንስሳት ሐኪሙ፣ እህል ብቻ አይበቃትም፣ ፕሮቲን ካነሳት የገዛ ልጆቿን ልትበላ ትችላለች ብሎ የልጅቷን እናት፣ እመቤቴን፣ አስፈራራት። ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ከመኖዋ ሌላ የተቀቀለ እንቁላል በጥፍር ልክ፣ ጨው ያልነካው የዶሮ ሥጋ ቅንጣት፣ ቅጠልም እሰጣታለሁ። እሷ ተንኮለኛ የሱፍ ፍሬዋን ብቻ ለቅማ ሌላውን ትገፋለች፤ እኔም «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እላታለሁ። ለአይጥ በሞቴ! ልጄን ግን ሌላ ሰው ያጎርሳታል።

ስድስት ወለደች። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት እንዳትነኳቸው ብሎ ነበር። ግን ደረቷ ሥር ሰብስባ ስታጠባቸው ባየሁ ቁጥር ቅናቱ እንደ ቃር ያቃጥለኛል። ማክሰኞ ዕለት አላስችል አለኝና አንዷን በመዳፌ አነሳኋት። መልሼ ሳስቀምጣት እናቲቱ አፏን ከፍታ ዋጥ! ሌላዋንም ዋጥ! «ኧረ ኡኡ፣ በላቻቸው! ያ ሁሉ እንቁላል ገደል ገባ!» ብዬ ስጮህ እመቤቴ በፎጣ ተጠቅልላ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። እናቲቱ ጉንጮቿ ጆሮ ደግፍ እንደያዘው ሰው አብጠው ወደ ሳጥኑ ጥግ ሮጠች፤ እዚያም ከነነፍሳቸው አንድ በአንድ ተፋቻቸው። ለካ ከእኔ እያሸሸቻቸው ኖሯል።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጄን የበላሽብኝ መስሎኝ ነበር፣ እታለም። ቅናቱ አሁንም አልለቀቀኝም፣ አልዋሽሽም። ይሁን፣ እማዬ ትበልሽ። ብቻ እንቁላል ስታጎርሻት፣ አንዷን ጉርሻ ያቺ የሩቋ እናትሽ ላከችልሽ በያት።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጋሼን መኪናውን ይማረው፣ እሷም አርጅታለች በይልኝ። ሚጢጢን አንድ ጉንጯን ስለኔ፣ አንዱን ስላንቺ ሳሚያት። እስክመጣ በጉንጭሽ ያዥልኝ። ስመጣ ግን አፍሽን ክፈቺ።

ታናሽ እህትሽ
ከማድ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ከሃምስተሯ ሳጥን አጠገብ
እሁድ ከሰዓት፣ ሰኔ 9 ቀን