የማይታይ ኮከብ የሚፈልገው ልጄ

ምዕራብ ጀርመን፣ ሰኔ 1979 ዓ.ም.

ወሰንየለሽ፣ ጥፋቱ የባልሽ የጀምበሩ ነው። ልጄን አያናን ሬዲዮ መፍታት ያስተማረው እሱ ነው። አሁን ልጁ የበደሳን ገበያ የሚያህል የብረት ሳህን ወደ ሰማይ ደግኖ፣ ከሞቱ ኮከቦች የሚመጣ ትርታ ያዳምጣል። ፑልሳር ይላቸዋል። እሱ ራሱ ወረቀት ላይ እንዳቀረቀረ ነው የሚውለው።

«ኮከቡ የታለ?» አልኩት።

«እማዬ፣ በዓይን አይታይም።»

«ያላገኛችሁት ስንት ቀራችሁ ታዲያ?»

«በጋላክሲያችን ገና መቶ ሺህ ይሆናል።»

በስተርጅና ፊደል ቆጥሬ ከአገር ቤት የጻፍኩለትን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ሳይከፈት አገኘሁት። በሕይወት ካለ ሰው ስለመጣ ይሆናል።

ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ ጎረቤቴን ዙለይኻንም ሰላም በያት። መቻራ ከተማ ለአያና ያጨሁለትን ልጅ ወላጆች «ዳሯት» በያቸው። ከእንግዲህ «እስኪመለስ ጠብቁን» አልላቸውም።