«ይመስገን» ላለች አራስ ሁሉ «ጤነኛ» ብለው ለሚጽፉት ኃላፊ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ከዳገቱ ሥር

የተከበሩ ሆይ፣ የስሜን ብርድ ሳይደፍርዎ፣ ወንበርዎም ሳይጎረብጥዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ወይዘሮ ኮከብ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን ለወሬ ብቻ ሳውለው የኖርሁ ሴት፣ ዛሬ ደስ ብሎኛልና ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሣሁ።

፩ኛ. ምራቴ አገርነሽ ወንድ ልጅ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት እህል አልወርድ ብሏት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስ ጀመር። ለክትትል ባመጣኋት ጊዜ፣ የወላዶችን ጭንቀት የሚጠይቀውን አዲሱን ቅጽ፣ ሃያ ሴት በተደረደረበት አግዳሚ ላይ፣ እኔን አማቷን ከጎኗ አስቀምጠው ስላስሞሉልን ከልብ አመሰግናለሁ። ምን ይሰማሻል ስትባል «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። አማቷ አጠገብ የተቀመጠች አራስ ሌላ ምን ትበል? ለቀረው ጥያቄ እኔው መለስሁላት፤ አፌ መቼ ያርፋል! ቅጹም «ጤነኛ» ብሎ አሰናበተን።

፪ኛ. ነርሷ ሲስተር ጥበብ ግን ቅጹን አላመነችውም። በሦስተኛው ቀን ዳገቱን ወጥታ ቤታችን መጣችና «እትዬ ኮከብ፣ እስቲ ጎረቤት ሄደው ወሬዎን ይጨርሱ» ብላ አስወጣችኝ። ወሬዬ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ስመለስ አገርነሽ ዓይኗ አብጦ፣ ግን ገንፎዋን ስትበላ አገኘኋት። ሲስተር በየሳምንቱ ተመላለሰች፤ ሐኪም ዘንድም ይዛት ሄደች። ምራቴ ልጇን አስተኝታ ወደ ገደሉ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ተነሥታ እንደነበር የነገረችኝ ከዳነች በኋላ ነው። እኔ ያን ጊዜ በአግዳሚው ላይ «ደኅና ናት» እያልሁ ነበር። ዛሬማ ስትስቅ ከግቢው ማዶ ይሰማል።

፫ኛ. ለዚህ ሁሉ ሲስተር ጥበብን «ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታ በመለየት» ማስጠንቀቂያ ጽፈውባት፣ ዳገት ከማያደክማት ካርድ ክፍል ስላስቀመጧት እግዜር ይስጥልኝ። ካርዶቹም ጭንቀታቸውን የሚያዋዩት ሰው አገኙ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ያራሷን ቀጠሮ በአርባ ቀኑ፣ ልክ በክርስትናው ዕለት ማድረግዎን። እሱን ግን ጠላው አስረስቶኛል።

ጉልበትዎን ዳገት፣ ጆሮዎን የሴት ልቅሶ እንዳይነካው ዘወትር የምትጸልይ፣
ታዛዥዎ ኮከብ፣ የአገርነሽ አማት

ማስታወሻ፦ በሰፈራችን ዛሬ ስድስት አራሶች አሉ፤ ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ሲስተር ጥበብን ይመልሱልን፤ አማቶቹን ከቤት ማስወጣቱን ለእኔ ይተዉት። እርስዎም እንደምን ከረሙ ላልሁት መልስ ሲጽፉ፣ አማትዎ ከጎንዎ ከተቀመጡ አላምንዎትም።